ገብስ በሁለት ቤት፦ የደብረ ብርሃን የአንድ ቀን ጉዟችን

«ገብስ የእህል ንጉሥ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። እኛ የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች ግን ንጉሡን የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ በሰሌዳ ላይ ነው፤ ስታርች፣ ፕሮቲን፣ ኢንዛይም እያልን። ሰሞኑን የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ወደ እኔ መጥተው «ቢራ ፋብሪካ ልንጎበኝ አስበናል፣ እናንተ እንዴት ነበር የሄዳችሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። በቃል የነገርኳቸው አልበቃ ስላለኝ ይህችን ጽሑፍ ለቡለቲናችን አዘጋጀሁ።

ጉዞው የተደረገው ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ዲፓርትመንታችን ስመለስ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ የተወለደው በዚያች አንዲት ቀን ነው ብል አላጋነንኩም። ጠዋት ቢራ ፋብሪካ ጎበኘን፣ ምሳ በላን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የክፍል ጓደኛችን ቤት ሄደን ጠላ ጠማቂ እናቱን ጎበኘን። ስለዚህ ጽሑፌ ሁለት ነገሮችን ታስረዳለች፦ ያው አንዱ ገብስ በፋብሪካና በጋን ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ እንዲሁም እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት።

ለምን ደብረ ብርሃን?

በአገራችን የቢራ ፋብሪካ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1922 አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው ጊዮርጊስ ቢራ ነው። ከዚያ ሰበታ ላይ ሜታ አቦ፣ ቆይቶም ሐረር፣ በደሌ፣ ጎንደር ላይ ዳሽን እያለ ቀጠለ። ደብረ ብርሃን ወደዚህ መዝገብ የገባችው ዘግይታ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ አዋጥተው የመሠረቱት ሐበሻ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያ ተመረቀ። ዳሽንም ሁለተኛ ፋብሪካውን የተከለው እዚችው ከተማ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ገበያው ቅርብ ነው። ዙሪያዋ ገብስ አብቃይ ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ብርዷ የታወቀ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በከንቱ ስም አላወጣም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከተማዋን ሲመሠርቱ ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት ስሟን እንዳወጡላት ይነገራል። የአረቄ ጠጪ ግን ከብርሃኑ ይልቅ አረቄዋን ነው የሚያነሳው። ፋብሪካዎቹ ሳይመጡ በፊት ከተማዋ በመጠጥ ስም ነበራት ማለት ነው፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

መንገዱና የሸኖ ገንፎ

ዘጠኝ ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ከመገናኛ የተነሳነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። በኮተቤ፣ በለገጣፎ አድርገን ሰንዳፋን አለፍን፤ ከአለልቱ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። በጥር ማለዳ ያ ሜዳ ውርጭ ይይዘዋል። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲታይ ከመካከላችን ጋቢ ያልያዘው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ታወቀ።

ቁርስ ለመብላት ሸኖ ወረድን። ሸኖ የምትታወቀው በቅቤዋ ነው። እኛም የገብስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ አዘዝን። እዚያ ገበታ ላይ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት የተጀመረው። ገንፎ ሲበላ፣ ማንኪያው ደጋግሞ የነካው ዳር ቀስ በቀስ እየቀጠነ ውሃ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አንዷ ጓደኛችን «ይሄ ለምንድነው?» አለች። መልሱ ምራቅ ነው። በማንኪያው ላይ ያለችው ትንሽ ምራቅ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም አላት፤ እሱም የገንፎውን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። የተቆረጠ ስታርች ውሃ አይዝም፣ ስለዚህ ገንፎው ይቀጥናል። ቢራ ፋብሪካ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አሚሌዙ ከምራቅ ሳይሆን ከበቀለ ገብስ መምጣቱ ነው። ይህችን የገንፎ ነገር የያዘ ተማሪ ፋብሪካው ውስጥ የሚያየው ሁሉ ይገባዋል።

ፋብሪካው ውስጥ

ፋብሪካው በር ላይ የደረስነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ አጽፈን ነበር፤ ነገር ግን የአንድ ልጅ ስም ከዝርዝሩ ቀርቶ ስለነበር ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆምን። ጥፋቱ የኛ ነው። ካሜራና ስልክ ተቀበሉን፣ ነጭ ጋውንና የራስ ቆብ ሰጡን፣ አንድ ጨዋታ አዋቂ ኢንጂነር ተመደበልን።

ቢራ ከአራት ነገር ነው የሚሠራው፦ ከብቅል፣ ከውሃ፣ ከሆፕና ከእርሾ። ብቅል ማለት ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ እንዲበቅል ተደርጎ፣ ቡቃያው ብዙ ሳይሄድ በሙቀት የደረቀ ነው። ገብሱን ማብቀል ለምን አስፈለገ? ፍሬው ለመብቀል ሲነሳ ለቡቃያው ምግብ የሚያዘጋጁ ኢንዛይሞችን ይሠራል። ብቅል አብቃዩ ፍሬውን ያታልለዋል፤ ኢንዛይሙን እንዲሠራ ይፈቅድለትና ምግቡን ሳይበላው ያስቆመዋል።

ለዚህ ሥራ ማንኛውም ገብስ አይሆንም። የቢራ ገብስ ፍሬው እኩል የሆነ፣ ከመቶው 95 እና ከዚያ በላይ የሚበቅል፣ ፕሮቲኑም ከ9 እስከ 12 በመቶ መካከል ቢሆን ይመረጣል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ስታርቹ ያንሳል፣ ቢራውም ይደፈርሳል። ገበሬው ማዳበሪያ አብዝቶ ምርት ሲጨምር ፕሮቲኑም ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ ለገንፎ ጥሩ የሆነ ገብስ ለቢራ ላይሆን ይችላል። ያኔ ኢንጂነሩ እንደነገሩን ትልቁ ራስ ምታት የብቅል እጥረት ነበር። የአሰላና የጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች ለሁሉም አይበቁም ነበር፤ የተቀረው በውጭ ምንዛሪ ይገባ ነበር። ከጉዟችን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሁለት ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ብቅል ፋብሪካ ከፍተዋል፦ ሱፍሌ አዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ላይ፣ ቦርትማልት ደግሞ እዚያው ደብረ ብርሃን ላይ።

ብቅሉ ይከካና ከሙቅ ውሃ ጋር በትልቅ ጋን ይደባለቃል። (ኢንጂነሩ ታንከር ይበሉት እንጂ እኔ ጋን ማለቱን መርጫለሁ።) እዚህ ላይ ሙቀት ሁሉም ነገር ነው። ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቤታ አሚሌዝ ይሠራል፤ እርሾ የሚበላውን ስኳር በብዛት ያወጣል። ከ70 እስከ 72 ላይ አልፋ አሚሌዝ ይበረታል፤ እሱ የሚተወው እርሾ የማይበላው ረዘም ያለ ሰንሰለት ለቢራው ወፈር ማለትን ይሰጠዋል። በዝቅተኛው ሙቀት ብዙ የቆየ ቢራ ቀጭንና ጠንካራ ይሆናል፤ በከፍተኛው የቆየ ወፍራምና ቀለል ያለ። ጥቂት ዲግሪ የመጠጡን ጠባይ ይለውጣል።

ከዚያ ፈሳሹ ይጠልላል፤ የቀረው ገለባ የከብት መኖ ይሆናል። ጭኖ የሚሄድ መኪና በር ላይ ቆሞ አይተናል፤ ሹፌሩ «አተላ ልጭን ነው» ሲል ስሙ ከጠላ ቤት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። የጠለለው ፈሳሽ ከሆፕ ጋር ይፈላል። ሆፕ አበባ ነው፣ ከውጭ ነው የሚገባው። ምሬትና ሽታ ይሰጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይከላከላል። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ከፍታ አንድ ነገር ያመጣል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የሆፑ አሲድ ወደ ምሬት የሚለወጠው በሙቀት ስለሆነ ሙቀቱ ሲያንስ ለውጡ ይዘገያል። ስለዚህ በከፍታ ቦታ የሚጠምቅ ሰው ወይ ያረዝመዋል፣ ወይ ሆፕ ይጨምራል፣ ወይ በግፊት ያፈላዋል። ይህን በመጽሐፍ ብናነበው አንይዘውም ነበር፤ እዚያ ብርድ ውስጥ ቆመን ስንሰማው ግን ገባን።

የፈላው ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨመርበታል፣ ሳምንት ያህል ይብላላል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ከዚያ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ ይቆያል፣ ይጣራል፣ ይታሸጋል፣ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ በ60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ፓስቸራይዝ ይደረጋል። ውሃውን አትርሱ፦ ብዙ ፋብሪካዎች ለ1 ሊትር ቢራ ከ4 እስከ 6 ሊትር ውሃ ይጠቀማሉ፤ አብዛኛው ለማጠቢያ የሚውል ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዳችን አንድ ጃምቦ ተቀዳልን። ከመካከላችን አንዱ ግን 20 ዓመቱ ስለነበር የቀረበለት አምቦ ውሃ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የቢራ ማስታወቂያም ያስቆመው እሱ ነው። ልጁ ትንሽ ተናደደ። እኛ ሳቅን። ማታ ግን እሱ ብቻ ነው ራሱን ያላመመው።

ምሳና አንድ ጥያቄ

ምሳ ከተማ ውስጥ ጥብስና ጎመን በላን። በብርዱ ላይ ጥብሱ እንዴት እንደሚጥም አልነግራችሁም፤ ያልበላ አያምንም። ዋናው ነገር ጨዋታው ነበር። የክፍል ጓደኛችን፣ የከተማዋ ልጅ የሆነው፣ ጠዋት ሙሉ ዝም ብሎ ነበር የዋለው። «ምን ሆነሃል?» ስንለው «ኢንጂነሩን ስለ ጠላ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው አለፉኝ። እኔ እኮ እዚህ የደረስኩት በጠላ ነው» አለን።

እውነት ነው። እናቱ አራት ልጆች ያሳደጉት ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ነው። የኮሌጅ ወጪው፣ ደብተሩ፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ሁሉ ከዚያ ጋን የወጣ ነው። አራት ዓመት አብረነው ስንማር ይህን ነግሮን አያውቅም ነበር። ለምን እንዳልነገረን አልጠየቅነውም፤ እኛም ብንሆን አንናገርም ነበር መሰለኝ።

ጠላ ቤቱ

ቤታቸው በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አለ። «እዚህ ጠላ አለ» የሚል ማስታወቂያ ነው፤ አዋጁም አልከለከለውም ብለን ቀለድን። እናቱ እያንዳንዳችንን አገላብጠው ሳሙን። «እትዬ፣ እንዳንቸገርዎ» ስንል «ልጆቼ፣ ቤታችሁ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አላችሁ» አሉ። ቡና ተፈላ፣ የገብስ ቆሎ ቀረበ፣ ጠላው መጣ።

ፋብሪካ እንደዋልን ሲሰሙ «ታዲያ ያ ሁሉ ብረት እኔ በጋን ከማደርገው ምን የተለየ ያደርጋል?» ብለው ጠየቁን። እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት እሳቸው እንዴት እንደሚጠምቁ እንዲነግሩን ለመንናቸው። ደብተር አወጣሁ። እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከውሃ ጋር ይገባና ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ቀጥሎ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ የገብስ ቂጣ ይጨመራል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ብቅሉን ራሳቸው ናቸው የሚያበቅሉት፦ ገብሱን ዘፍዝፈው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ ሲበቅል ፀሐይ ላይ አስጥተው። ጥንስሱ ሲነሳ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስና የጌሾ እንጨት ይጨመርበትና ድፍድፉ ይዘጋጃል። ድፍድፉ አምስት ቀን ያህል ሰንብቶ ውሃ ይሞላል፣ የጋኑ አፍ ይታፈናል። ሳይጠልል የሚጠጣው ጉሽ ነው። መጀመሪያ ከተቀዳው በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ይባላል። አረቄ ሲፈለግ ደግሞ ድፍድፉ እሳት ላይ ወጥቶ በእንፋሎት ይወጣል፤ ደግሞ ከወጣ ዳግም ነው።

«ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?» ብዬ ጠየቅኩ። «እናንተ በመለኪያችሁ የምታውቁትን እኔ በክርኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ሁለቱ ቤቶች ሲነጻጸሩ

አሁን የተማርነውን እንያዝ። ጌሾው የሆፕ ቦታ ነው የያዘው፤ ይመራል፣ አንዳንድ ተህዋስያንን ያዳክማል። ጭሱና ግራዋው የፋብሪካው የማጠቢያ ኬሚካል ነው። ቂጣው የገባበት ምክንያት አለው፦ ጥሬ ስታርች ለኢንዛይም አይመችም፣ የበሰለው ግን ይመቻል። የብቅሉ ኢንዛይም ያንን የበሰለ ስታርች ይቆርጠዋል፤ ልክ የሸኖውን ገንፎ ምራቅ እንደቆረጠው።

ዋናው ልዩነት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፋብሪካው ስኳር ማውጣቱንና ማብላላቱን ለየብቻ፣ በተለያየ ሙቀት ያደርጋል። በጋኑ ውስጥ ግን ሁለቱ ባንድ ላይ፣ በቤቱ ሙቀት፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ስኳሩ እንደወጣ እርሾው ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ፋብሪካው አንድ የታወቀ እርሾ ብቻ ነው የሚያስገባው። በጋኑ ውስጥ እርሾውም፣ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም ተሰባስበው ይኖራሉ። ጠላ ያቺን ጣፋጭ ኮምጠጥ ያለች ጣዕም የሚያገኘው ከነሱ ነው፤ በጥቂት ቀን ሆምጣጣ ሆኖ የሚበላሸውም በተህዋስያን ነው።

እኛም ይህን ለእትዬ ስንነግራቸው «ፋብሪካው ዘወትር አንድ ዓይነት ያወጣል፣ ልዩነቱ ይሄ ነው» አልናቸው። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «የኔም ሁልጊዜ አንድ ቢሆንልኝ ምን ነበረ! አንዳንዴ ያው እጄ፣ ያው ጋኔ፣ ያው ጌሾዬ ሆኖ ይኮመጥጥብኛል። ያን ጊዜ የሳምንቱን ደፋሁት ማለት ነው። የዚህን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ለጎረቤት ተበድሬ የከፈልኩበት ወር አለ።»

ዝም አልን። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ማብላላት ተምረናል። የፈተና ወረቀታችን ላይ የጎጂ ባክቴሪያ መከላከያ ዘዴ ዘርዝረን ሙሉ ነጥብ አግኝተናል። ነገር ግን አንድ ጋን ለምን እንደሚኮመጥጥ ለአንዲት እናት የምንነግረው ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረንም። ጓደኛችን ራሱን አቀርቅሮ ቆሎ ይቆረጥም ነበር። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በፈተና ወድቄም አላፈርኩም።

የሹፌሩ ጣሳ

ሌላም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጉዞ ነው የምንነጋገረው። ሹፌራችን ጋሼ ከኛ ጋር ገብተው ተቀምጠው ነበር። ከኛ አንዱ፣ በደግነት ነው፣ ጣሳ አንስቶ ሊቀዳላቸው ሲል እትዬ እጃቸውን በጣሳው ላይ አደረጉ። «ቁልፍ የያዘ ሰው በኔ ቤት አይጠጣም። ወንድሜ፣ አይቀየሙኝ፣ ቡናው ይደገምልዎ» አሉ። ጋሼም «ኧረ ምን ቅያሜ አለው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

ኋላ ልጃቸው ምክንያቱን ነገረን። ከዓመታት በፊት ዘወትር የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከቤታቸው ተነስቶ ሄዶ ሳይደርስ ቀረ። ማንም እሳቸውን አልከሰሰም፣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት እጁን ነው፣ ቁልፍ ይዞ እንደሆነ። የሚያጡት ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለ ጠላ ቤት ዋና ደንበኛው ሹፌር ነው።

እኛ የምናውቀውን ሒሳብ እዚህ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። 330 ሚሊ ሊትር የሆነና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ጉበታችን በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው፤ እንደ ሰውየው ይለያያል። ስለዚህ በምሳ ሁለት ቢራ የጠጣ ሰው 26 ግራም ወስዷል፣ ከሰውነቱ እስኪወጣ ሦስት፣ አራት ሰዓት ይፈልጋል። ቡና አያፈጥነውም፣ ጥብስም አያፈጥነውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም አያፈጥነውም። ቡና የጠጣ ሰካራም ያው ሰካራም ነው፤ እንቅልፉ ብቻ ነው የጠፋው። «ጠላ ቀላል ነው» የሚለውም አባባል አያዛልቅም። 3 በመቶ አልኮል ያለው ጠላ በግማሽ ሊትር ጣሳ ሲጠጣ 12 ግራም ይሆናል፤ አንድ ቢራ ማለት ነው። የተጣራው ደግሞ ከዚህ ይበረታል። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ ሊደርስ ስለሚችል አንዲት መለኪያ ከአንድ ቢራ ጋር ልትስተካከል ትችላለች። ችግሩ በጠርሙሱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ በጣሳው ላይ ግን አልተጻፈም። ጠጪው አያውቅም፣ ቀጂዋም አታውቅም። እትዬ ግን ቁጥሩን ሳያውቁ ሕጉን አውጥተዋል።

መመለሻውና ከዚያ በኋላ

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። እትዬ ለእያንዳንዳችን ቆሎ ቋጠሩልን። ሚኒባሱ ውስጥ ጠዋት የነበረው ዘፈን አልነበረም፤ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ያስባል። መገናኛ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ኮቪድ መጣ። መጋቢት ላይ መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ ሲታዘዝ የእትዬ ቤት ጣሳም ወረደ። ለወራት አልጠመቁም። ቆይቶ ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ እናቱ እንደገና መጀመራቸውን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። እህቶቹ ግን ሙያውን አልያዙም። ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት አጠማመቅ ለቤተሰቡ ራሱ የመጀመሪያው የተጻፈ ነገር እንደሆነ የነገረኝም እሱ ነው። ኮፒ አድርጌ ላክሁላቸው።

አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ የያዝኩት ርዕስ ይኸው ነው፦ የጠላ ጋን ለምን እንደሚኮመጥጥ፣ ጠማቂዋ ያለ ላቦራቶሪ፣ በቤቷ ባለው ነገር፣ አስቀድማ የምታውቅበት መንገድ አለ ወይ የሚል። መልስ አለኝ አልልም። ነገር ግን ፋብሪካ ላብራቶሪ አለው፣ ኢንጂነር አለው፣ እኛ ባንኖርም ቢራው አይቆምም። ጋን ያላት እናት ግን ያላት እኛን ነው።

ለሚሄዱ ጥቂት ምክር

ሀ. የትብብር ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጻፍ። የሁሉም ስም መኖሩ ይረጋገጥ፣ መታወቂያ ይያዝ።

ለ. ቀኑ ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም ጾም ባይሆን ይሻላል፤ ያለበለዚያ ምሳውም ጨዋታውም ይጎድላል። ጋቢ አይረሳ።

ሐ. ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከመነሳት በፊት እዚያ ካለ ሰው ማጣራት ግድ ነው። የማይቻል ከሆነ አትድከሙ፤ በአዲስ አበባም ዙሪያ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ጠላ ቤትማ በየሰፈሩ ነው።

መ. ሹፌሩ ማን እንደሆነ ከመነሻው ይታወቅ፣ እሱም ማንም «አንዲት ብቻ» እንዳይለው ቃል ይገባለት።

ሠ. ፋብሪካውን ብቻ ጎብኝታችሁ አትመለሱ። ከመካከላችሁ እናቷ ወይም አክስቷ የምትጠምቅ ልጅ አትጠፋም፤ አልነገረቻችሁም ይሆናል እንጂ። ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኛ ያልመለስነውን ጥያቄ እናንተ ትመልሱት ይሆናል።